ለምስክርነት የቀረች አረም

ወልደ ጊዮርጊስን የሰደበው ነቢዩ ነው፤ የሰብል ባለሙያው። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰኔ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፤ ቦታው ከቦንጋ በላይ ያለው የደጋው ቀበሌ አዳራሽ። ወልደ ጊዮርጊስ ያገባበት ቀን ይምታታበታል፤ ይህን ግን አይስትም።

ያን ዕለት ከማሳው የነቀለውን ቅንጨ አረም ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ «ይሄ የቆላ አረም እኛ ዘንድ ወጥቷል። ብርዱ እየላላ ነው» አለ። ነቢዩ አረሙን በእስክሪብቶ ገልበጥ አደረገና፣ «ጋሽ ወልዴ፣ በመኪና ጎማ መጥቶ ይሆናል፤ ደጋ አይከርምም። ደግሞ የአየር ንብረት በስድስተኛ ክፍል ትምህርት አይተነተንም» አለ። ቤቱ ሳቀ። ጎረቤቱ እትዬ በዛወርቅማ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ማሳውን አርሞ ይገላገል ነበር። እሱ ግን በአጥሩ ጥግ አንዲት እግር አስቀረ፤ ለምስክርነት። ኅዳር ላይ ውርጭ ሲመጣ የኮባ ቅጠል ደረበላት። ለልጆቹ እንኳ ብርድ ልብስ በዚህ ትጋት ደርቦ አያውቅም፤ ይህን ራሱም ይታዘባል።

«በቆሎህን አረም ውጦታል፣ አንተ አረም ታለብሳለህ» አለች ሚስቱ ዕፀገነት።

በዓመቱ ከዘሯ የበቀሉት አጠር ብለው፣ ውርጩ ሳይደርስ አበቡ። በሦስተኛው ዓመት ቅጠል መደረብም አላስፈለገ። ብርዱ ላላ፣ አረሙ ብልጥ ሆነ፤ ወልደ ጊዮርጊስ ብቻ ሰኔ 12 ላይ ቆሞ ቀረ።

ዘንድሮ የእትዬ በዛወርቅ ጤፍ በነጭ አበባ ተዋጠ። ላማቸውም አረሙን በልታ ወተቷ መረረ። ነቢዩ ተጠርቶ በሞተር መጣ። ወልደ ጊዮርጊስ ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ የሚናገረውን ሲያጠና ዓመታት አልፈዋል።

ነቢዩ ግን ቀደመው። «ጋሽ ወልዴ፣ ያኔ ልክ ነበሩ። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ።»

ሰው ሁሉ ሰማ። ወልደ ጊዮርጊስ ደረቱ ሞላ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለ ነቢዩ፣ አጥሩን በዓይኑ እየተከተለ። «አረሙ በእርስዎ አጥር ጥግ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ከዚያ በራቀ ቁጥር ይሳሳል። የመጀመሪያውን ውርጭ እንዴት አለፈው?»

«ንገረው እንጂ ወልዴ» አሉ እትዬ በዛወርቅ። «አዋቂው አንተ አይደለህ?»

ወልደ ጊዮርጊስ ላሟን አየ። ላሟም አየችው። ከዚያ ባርኔጣውን ደፋ አድርጎ፣ ቁልቁል የቦንጋን መንገድ ያዘ። ቦንጋ የሚያስሄድ ጉዳይ አልነበረውም።