የሚይዘው ብርሃን

«አብሩት እንጂ፣ ሰው ይደናቀፋል!» አሉ ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሽማግሌ።

ገና ቀትር ነው፤ የጀሞ ሰማይ ግን ከጠዋት ጀምሮ እንደዳመነ ነው። የገዲሴ አጎት ለሜሳ ተነስቶ አምፖሉን አበራ። ገዲሴ ፊቷን አዞረች። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም፤ ሰው ሁሉ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላታል። አባቷ ሞልቱ ኤሌክትሪሻን ነበር። የእድሩን መብራት ሃያ ዓመት ለሰው ሐዘን ሲዘረጋ ኖሮ፣ ለራሱ ሐዘን ሌላ ሰው አበራለት።

የሽቦው መጋጠሚያ ላይ የእሱ ጥቁር ፕላስተር አለ። ልጅ ሳለች መሰላሉን ይዛለት «ያኛውን ሽቦስ ለምን አልሸፈንከውም?» ስትለው፣ «እሱማ የሞተ ነው። እኔ የምሸፍነው ኤሌክትሪክ ያለበትን፣ የሚይዘውን ነው፤ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው እንዳይነካው» ይላት ነበር።

«ምስኪን፣ እድናለሁ እንዳለ ሄደ» አለች ጎረቤታቸው ሐሚዳ፣ ለእናቷ በሹክሹክታ። «አንድ ቃል ሳይናገር፣ ሳይሰናበት።»

 እንዳይሰናበት ያደረገው ማን እንደሆነ ገዲሴ ታውቃለች።

ከስድስት ወር በፊት፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ሐኪሙ የአባቷን የኤምአርአይ ፊልም ወደ መስኮቱ አነሳው። ግራጫው ጉበት መሃል አንድ ነጭ ነገር በርቷል።

«የጉበት ካንሰር በዚህ ምስል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጠቁሮ ነው የሚታየው» አላት። «እንዲህ የሚያበራው ግን፣ የሰውነትን መከላከያ ለሚያነቃው መድኃኒት እምብዛም አይበገርም። ምልክት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ እንሞክራለን። ግን ተዘጋጁ። ለእሳቸው እኔ ልንገራቸው ወይስ አንቺ?»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

አባቷ እጅጌውን እያስተካከለ መጣ። ፊልሙን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ያዘውና ፊቱ ፈካ።

«በራ! በራ አይደል?»

ዕድሜ ልኩን መብራት በበራ ቁጥር ደስ ሲለው የኖረ ሰው ነው። 

«አዎ አባዬ፣ በራ» አለችው። «መድኃኒቱ ሊሠራ ነው ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ስንቴ ልትነግረው አስባ ከአፏ መለሰችው። እሱ ግን የቤታቸውን በር አረንጓዴ እንቀባው ወይስ ሰማያዊ እያለ ያማክራታል። እሷም አብራው ቀለም ስትመርጥ ከረመች። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሰማያዊ ይሁን ተባብለው ነበር።

«ገዲሴ፣ የአባትሽን ፎቶ አምጪልኝ፤ እዚህ እንስቀለው» አለች እናቷ።

ፎቶው ቤት ውስጥ ቁምሳጥኑ ላይ፣ ከፊልሙ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ነው። ገብታ ፎቶውን ስትስብ ፊልሙ ቀድሞ ወጣ። ልታየው አልፈለገችም፤ እጇ ግን በራሱ ጊዜ ወደ መስኮቱ አነሳው።

ነጩ ብርሃን የለም። ለአንድ አፍታ፣ በሕልም እንደሚሆነው፣ አባቷ የዳነ መሰላት።

ከዚያ በጣቷ ዳሰሰችው። ጥቁር ፕላስተር ነው። በምላጭ ተስተካክሎ ተቆርጦ፣ ልክ ብርሃኑ ላይ ተለጥፏል።

ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው ስለ በሩ ቀለም ሲያማክራት የከረመው። ሦስት ቀን እምቢ ያላት እንባ መጣ።

«አገኘሽው?» አለች እናቷ ከደጅ።

«አገኘሁት፣ እማዬ።»

የፕላስተሩ አንድ ጫፍ ተነስቶ ነበር። በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ መልሳ ለጠፈችው።