ሰማያዊው ቱታ

ዘይኑልአቢዲን ውሻ አሳድጋለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያሳስቡት ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ ሞራ የጋረደው ግራ ዓይኑና የጓሮው ጎመን።

በሶ ሳትታሰብ መጣች። አጥር የሚጋራቸው የባንክ ሠራተኛው አራጋው ወደ ወልዲያ ሲዛወር «ቤት እስካገኝ ለጥቂት ቀን ያዙልኝ» ብሎ በካርቶን አስረከበው። አራጋው ወልዲያ ቤት አገኘ፣ ሚስት አገባ፣ ልጅም ወለደ፤ ስለ ውሻዋ ግን ትንፍሽ አላለም። ዘይኑልአቢዲንም አንድ ቀን ደውሎ አልጠየቀውም። ሚስቱ ረሂማ ነገሩን ባነሳች ቁጥር «ምን ላድርግ፣ አደራ ነው» ይላታል። በልቡ ግን አራጋው ውሻዋ ትዝ እንዳትለው ዱዓ ያደርግ ነበር።

በሶ የፈረንጅ ውሻ ዲቃላ ናት ይባላል፤ ከየትኛው ፈረንጅ እንደሆነች የሚያውቅ ግን የለም። እግሯ አጭር፣ ወገቧ ረጅም፣ ቀለሟ ስሟን ያወጣላት የበሶ ዱቄት ነው። አንዱ ጆሮዋ ቆሟል፣ ሌላው ወድቋል። የሰፈሩ ሰው ሲሠሯት ዕቃ አልቆባቸው ነው እያለ ይስቅባታል። ዘይኑልአቢዲን ከሰው ጋር አብሮ ይስቅና ግቢ ሲገባ ይቅርታ ይጠይቃታል።

ረሂማ ክፉ ሴት አይደለችም። ለበሶ ተብሎ በተለየ ድስት፣ ጨውና በርበሬ ሳይነካው አጥንት የምትቀቅለው እሷው ናት። በጠሃራ፣ በሶላት ንጽሕና ነገር ግን ቀልድ አታውቅም። መስገጃዋን ከዓይኗ ብሌን እኩል ነው የምትጠብቀው። ስለዚህ በሶ በገባችበት ዕለት ሕግ ወጣ፤ ውሻዋ ደፍ አትረግጥም፣ ውሻ የነካው ልብስም ቤት አይገባም። ዘይኑልአቢዲን አልተከራከረም። ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን አሮጌ ሰማያዊ ቱታ ከሳጥን አወጣና ጓሮ፣ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለ ምስማር ሰቀለው።

ጧት ሱብሂን ሰግዶ ሲመለስ ነጭ ጀለቢያውን ያወልቅና ቱታውን ያጠልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የበሶ ነው። ፀጉሯን ያበጥርላታል፣ ቁንጫዋን ይለቅማል፣ በጣቶቿ መሃል መዥገር ተደብቆ እንደሆን አንድ በአንድ ይፈትሻል። ዓይኗ ላይ የሚወርደውን ፀጉር በረሂማ አሮጌ መቀስ ይከረክማል። ዓመት ሲዞር የእብድ ውሻ ክትባት ለማስከተብ በባጃጅ ይዟት ይሄዳል፤ ባጃጅ ነጂው አሻፈረኝ ካለም በዚያ በቆላ ፀሐይ አቅፏት በእግሩ ይጓዛል። ሁሉንም ሲጨርስ ቱታውን ይሰቅልና ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ ነጩን ይለብሳል።

በሶ ይህን ማንም ሳያስተምራት ያዘችው። ሰውየው በሰማያዊ ሲሆን ዘላ ደረቱ ላይ ትወጣለች። በነጭ ሲሆን ግን ራቅ ብላ ትቀመጥና ጭራዋን ትቆላለች እንጂ የልብሱን ጫፍ አትነካም። ዘይኑልአቢዲን ይህን ለመስጊድ ጓደኞቹ ሲያወራ ትንሽ ይጨምርበታል፤ የሶላት ሰዓት ታውቃለች እስከማለትም ደርሷል።

ጣጣው የመጣው ከረሂማ ደግነት ነው። አንድ ሐሙስ ቱታው ሸተተኝ ብላ ከምስማሩ አወረደችው። ውሻ የላሰው ልብስ እንዴት እንደሚነጻ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ አንዴ በአፈር አሸችው፣ ከዚያም የታዘዘውን ያህል ደጋግማ በውሃ አለቀለቀችው። መንጻቱን ስላመነችም ለጁምዓ ካጠበችው ከባሏ ነጭ ጀለቢያና ከራሷ የሶላት ልብስ ጎን አሰጣችው። ለእሷ ነገሩ አለቀ፤ ቱታው እንደማንኛውም ልብስ ሆነ። ለበሶ ግን ቱታው ያው ቱታ ነው። ሰማያዊው ካለ መዝለል ተፈቅዷል ማለት ነው፤ እሷም ዘለለች። የቱታውን እግር ነክሳ በደስታ ስትወዛወዝ ገመዱ ተበጠሰ፣ ልብሱም ሁሉ ዘይኑልአቢዲን ገና ውሃ ያጠጣው የጎመን መደብ ላይ ወረደ። በሶ ጀለቢያውን ረግጣ፣ በሶላት ልብሱ ላይ ተንከባልላ፣ ቱታውን እየጎተተች ለጌታዋ አመጣችለት። ትልቅ ውለታ የዋለች መስሏት ነበር።

ረሂማ አልጮኸችም፤ ዘይኑልአቢዲንን ያስፈራውም ይኸው ነው። ጭቃ የጠጣውን ልብስ ሰብስባ ባልዲ ውስጥ ከተተች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ነገረችው። ገራዶ ላይ ዶሮ የሚያረባው የእህቷ ልጅ ሁዘይፋ ለግቢው ውሻ እየፈለገ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ዘይኑልአቢዲን ዓይኑን ሊታከም ደሴ ሲወጣ ሁዘይፋ መጥቶ ይወስዳታል።

«ስትመለስ ግቢዬ ውስጥ እንዳላያት» አለችው።

ዘይኑልአቢዲን አደራ ነው ሊላት ቃጣው፤ አራጋው የት አለና? ጥፋቱም የእሱ መስሎ ተሰማው። ሰማያዊ ስታይ መዝለል ያስለመዳት እሱ ነው፤ ሰማያዊ ገመድ ላይ ሲሰቀል ምን ማድረግ እንዳለባት ግን አልነገራትም። በሄደበት ጧት ቱታውን ለብሶ ሲያበጥራት ከወትሮው ብዙ ቆየ። ሚኒባሱ ሊያመልጠው እስኪቃረብ ድረስ።

ደሴ ብርዱ ለጉድ ነበር። ሞራው ተገፈፈለት፤ በደህናም ወጣ። ሐኪሙ ግን አቧራ እንዳይነካው፣ እንዳይጎነበስ፣ እንስሳም እንዳይጠጋ እስኪያገግም ድረስ ከለከለው። ይኸው ሐኪሙም የረሂማ ወገን ሆነ ሲል አሰበ። እዚያው ደሴ፣ ሸዋበር ሰፈር ልጁ ሱሀይላ ቤት ተኝቶ በየቀኑ ወደ ቤት ይደውላል። ረሂማ «አብሽር፣ ደህና ነን» ትልና ወሬውን ወደ ዓይኑ ትመልሰዋለች። ስለ በሶ እንዳይጠይቅ ሽማግሌ ሰውዬ ስለ ውሻ ሲብሰለሰል መሰማቱ አሳፈረው። አንድ ቀን ሱሀይላ እንባውን አይታ ምን ሆኑ ብትለው፣ የዓይን ጠብታው ነው አላት። እሷም እውነት መስሏት ለሐኪሙ ልደውል ስትል የሚገባበት ጠፋው።

በመልስ ጉዞው ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ኮምቦልቻ ከታች፣ ጣሪያው ሁሉ እየተለየ ታየው። ለዓመታት እንደዚያ አይቶት አያውቅም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አላለውም።

የግቢውን በር ከፍቶ ቆመ። የሚሮጥ ነገር አልመጣም። ዘይኑልአቢዲን ላለማየት ለራሱ ቃል ገብቶ የነበረውን ምስማር አየ፤ ባዶ ነው። ቱታውንም ጨምራ ለሁዘይፋ ሰጥታዋለች ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ባያውቅም ይህኛው ይበልጥ ሆዱን አባባው።

ያኔ ከማድ ቤቱ ጀርባ የሚስቱን ድምፅ ሰማ። የሆነ ሰው ትቆጣለች፤ «እረፊ፣ አትገላበጭ፣ ይቺን ላውጣልሽ» ትላለች። ማድ ቤቱን ዞሮ ሄደ።

ረሂማ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ረጅም ቀሚሷን ወደ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ እጅጌውን ጠቅልላ፣ ሰማያዊውን ቱታ ለብሳለች። በሶ ጭኗ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ሆዷን ሰጥታታለች። አንደኛዋ ማበጠሪያውን እንደያዘች፣ ሌላዋ እንደተንጋለለች፣ ሁለቱም ቀና ብለው አዩት።

ረሂማ መጀመሪያ ስለ ዓይኑ ጠየቀችው። ከዚያ፣ እሱ ሌላ ነገር እየጠበቀ እንደቆመ ሲገባት፣ ማበጠር ሳታቆም ነገሩን አወጋችው። እሱ ከሄደ ጀምሮ ውሻዋ እህል አልቀመሰችም። ምስማሩ ሥር ተኝታ ቱታውን ሽቅብ እያየች ትውላለች። ሁዘይፋ እንደተባለው መጣ፣ ገመድም አሰረባት። እሷ ግን ቱታው የተሰቀለበትን ግድግዳ አልለቅም አለች።

«ቱታውን አብረሽ ስጪኝና ተከትላው ትመጣለች አለኝ» አለች ረሂማ። «የባሌን ልብስ ለሰው አልሰጥም አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄደ። በረሃብ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ለአንድ ቀን ለበስኩት። ወላሂ ለአንድ ቀን ብቻ ነበር።»

ዘይኑልአቢዲን ሊስቅ ፈለገ፣ ሊያለቅስም ፈለገ፣ ዓይኑ ሁለቱንም እንደማይወድለት ትዝ አለውና ሁለቱንም ተወው። ሚስቱን እንደዚያን ቀን አምራ ያያት አይመስለውም።

በሶ ያን ጊዜ ከጭኗ ዘላ ወረደችና እየበረረች መጣችበት። አጠገቡ ስትደርስ ነጩን ልብስ አየች። ባለችበት ቀጥ አለች፣ ቁጭ አለች፣ ጭራዋ ብቻ መሬቱን ይጠርጋል። እሱም ሐኪሙ ያለውን ረስቶ ሊጎነበስ እጁን ዘረጋ።

«ተው!» አለችው ረሂማ። «ሱሀይላ ሁሉንም በስልክ ነግራኛለች። ነጩን ለብሰህ እንዳትጠጋን።»

በሶ አንዴ እሱን፣ አንዴ ረሂማን አየች፤ ከዚያም ተመልሳ ሰማያዊው ጭን ላይ ወጣች። ዘይኑልአቢዲን ቅናት ተሰማው፤ ደስም አለው፤ ደስታው ግን ይበልጥ ነበር። ሲድን ቱታውን እንደሚረከባት ነገራት።

«ሌላ ፈልግ» አለች ረሂማ፣ የበሶን የወደቀ ጆሮ ገልጣ እየፈተሸች። «ይሄ ተይዟል።»