ሁለት ኮማ አምስት

ራውዳ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሯን ከፍታ የገዛ ስሟን ስታይ አቅለሸለሻት። ሐሙስ ሳይሳካላት ትታው የሄደችው የሶፍትዌር ጥቅል ዓርብ ከሰዓት ተለቋል፤ ከሥሩም የእሷ ፊርማ አለበት። ዓርብን ደግሞ የዋለችው እናቷ ዓይናቸውን ሲታከሙ ሐኪም ቤት ደጅ ላይ ነው።

በቱኒዚያዋ የስፋክስ ከተማ የወይራ መጭመቂያዎቹ ሥራ የጀመሩበት ሰሞን ነበርና የአተላው ግማት በመስኮት ይገባል። ራውዳ ለዚህ ሽታ አፍንጫዋ ከደነዘዘ ቆይቷል። ዛሬ ያቅለሸለሻት ሌላ ነው።

ሥራዋ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች የጻፉትን ምንጭ ኮድ አውርዳ፣ በሆስፒታሎቹ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ እንዲሠራ አድርጋ መገንባት፣ መፈተሽ፣ ከዚያም በምስጢር ቁልፏ ፈርማ መልቀቅ ነው። ያለ ፊርማዋ አንድም ኮምፒውተር ጥቅሉን አይቀበልም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተፈተሸ ነገር ላይ ፈርማ አታውቅም። «ያልቀመስሽውን ለእንግዳ አታቅርቢ» ብሎ ያስተማራት የቢሮው ባለቤት ሲ ረዑፍ ነው፤ «ሲ» እዚህ አገር እንደ «አቶ» ነው።

የግንባታ መመሪያውን ከፈተችው። «ፈትሽ» ከሚለው ትእዛዝ ፊት አንዲት # ተደንቅራለች። ኮምፒውተር ይህች ምልክት ያለችበትን መስመር አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ፍተሻዎች በአንዲት ምልክት ተዘለዋል።

ምልክቷን አጥፍታ እንደገና ገነባችው። ጥቅሉ የሕፃናትን መድኃኒት መጠን የሚያሰላ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ አለፉ፤ ሐሙስ የወደቀው አንዱ ዛሬም ወደቀ። ሐሙስ ቸኩላ ያላየችውን ምክንያት አሁን ረጋ ብላ አነበበች። እዚህ አገር ሁለት ተኩል የሚጻፈው በኮማ ነው፣ 2,5 ተብሎ። ኮዱን የጻፉት ሰዎች ግን በነጥብ የሚጽፉ ናቸው፤ በአዲሱ እትም ኮማ ሲገኝ የሺዎች መለያ ነው ብለው እንዲጣል አድርገዋል። ስለዚህ 2,5 ሚሊ ሊትር 25 ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ወዲያው የሕፃናት ክፍል ፋርማሲስት ለሆነችው ለዱጃ ደወለች።

«ዱጃ፣ እስቲ ሁለት ኮማ አምስት ብለሽ ጻፊና ምን እንደሚል ንገሪኝ።»

«ሃያ አምስት ነዋ! ከቅዳሜ ጀምሮ በእስክሪብቶ እያረምኩ ነው የሰነበትኩት። የኔ ጣት ጥፋት መስሎኝ አፍሬ ዝም አልኩ እኮ። ምነው?»

«ዝጊው! ማንም እንዳይነካው። በእጅ አስሉ።»

ዱጃ ጋ ቀድሞ የገባው ለሙከራ ነው። የቀሩት አሥራ አንድ ሆስፒታሎች ዛሬ እኩለ ቀን ላይ በራሳቸው ያወርዱታል።

ሲ ረዑፍ ሃሪሳ የሚሉት የበርበሬ ድልህ የተለቀለቀበት የቱና ሳንድዊች እየገመጠ ገባ።

«መጣሽ ልጄ? እናትሽ ተሻላቸው?»

«ፍተሻውን ማን አጠፋው?»

«አይ ራውዳ! ከሁለት መቶ አሥራ አራት ለአንዷ ነው? እሷም ብትሆን በእኛ አገር አጻጻፍ ብቻ ነው የምትወድቀው። ሌላ አገር እኮ ታልፋለች።»

«ታዲያ የሚጠቀሙበት እነማን ናቸው፣ እንግሊዞች?»

ከት ብሎ ሳቀ። «ከሰዓት የሆስፒታሎቹ ኮሚቴ ይመጣል። አዲሱን እትም ካላዩ ውሉን አያድሱትም። ነገ እናነሳዋለን።»

«ሕፃን ዐሥር እጥፍ መድኃኒት ሊጋት ነገ ይባላል? አሁን ያንሱት!»

«ፋርማሲስቶቹ ዓይን የላቸውም እንዴ?» ጣቱን ላሰ። «ደግሞስ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ስምሽን ብትጠብቂ ይሻልሻል።»

ሐሙስ ስትወጣ፣ ድንገት ቢያስፈልግ ብላ ቁልፏ ያለበትን ፍላሽ ከነይለፍ ቃሉ በፖስታ አሽጋ የሰጠችው ለእሱ ነበር። በዚያ ቅባታም ጣቱ ፖስታውን ሲቀድ ታያት። ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚያወራት። ዘጠኝ ዓመት «መምህሬ» ስትለው የኖረችው ይኼንን ነው!

ሰርቨሩ የእሱ ስለሆነ ጥቅሉን ልታነሳው አትችልም። ቁልፏን መሻር ግን ትችላለች። ቁልፉ ከተሻረ ኮምፒውተሮቹ በእሷ ስም የመጣውን ሁሉ ይገፋሉ። ይኼኛውን ብቻ ሳይሆን በዘጠኝ ዓመት የገነባቻቸውን ከሦስት መቶ በላይ ጥቅሎች ጭምር። የተሻረ ስም ደግሞ አይመለስም።

«ቁልፉን ሻር» የሚለውን ትእዛዝ ከፈተች። ሲ ረዑፍ በትከሻዋ በኩል አይቶ ሳንድዊቹን ጣለ። «አብደሻል? በገዛ እጅሽ ራስሽን እየቀበርሽ እኮ ነው!»

«ያንሱታ!»

እሱ ጎንበስ ብሎ ያነሳው ሳንድዊቹን ነው። ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነበር። ተጫነችው።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ከአሥራ አንዱም ሆስፒታል አንድ ዓይነት መልእክት መጣ። «ራውዳ ኤሉዝ የማትታመን ፈራሚ ናት፤ ጥቅሉ አልተጫነም።» ተሰድባ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ሲ ረዑፍ ደግሞ ኮሚቴው ሳይደርስ ለሁሉም ሆስፒታሎች ደብዳቤ በተነ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል ይኼ ነው። «ሠራተኛችን ራውዳ ኤሉዝ የምስጢር ቁልፏን በአግባቡ ባለመጠበቋ ለተፈጠረው መስተጓጎል ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። ስለ ፍተሻው አንድም ቃል የለበትም።

ራውዳ ቆማ አነበበችው። ልትተፋበት ምራቋን ሰበሰበችና ድጋሚ አነበበችው። ይኼ ሁሉ ቅሌት ከተሸፈነበት ወረቀት ላይ እውነት የሆነው ነገር እሷን የሚከሰው ብቻ ነው። ቁልፏን አልጠበቀችም። በፖስታ አሽጋ፣ አመስግና፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ሰጥታለች።

ምራቋን ዋጠችው።