ሬዲዮ የተዘጋበት እሑድ

ደሳለች የሬዲዮዋን ባትሪ ድንጋዮች አውጥታ የቅዳሜ ረፋድ ፀሐይ በሚያርፍበት የመስኮት ደፍ ላይ ስትደረድር፣ እማማ ትርንጎ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ።

"ምነው መምህርት፣ እህል አልቆብሽ ድንጋይ ታሰጫለሽ?"

"ፀሐይ ሲመታቸው ትንሽ ይነቃሉ፣ እማማ። ከሕብረት ሱቁ ባትሪ ከጠፋ ሰነበተ።"

"ይነቃሉ? እንግዲያማ እኔም መጥቼ አጠገባቸው ልሰጣ። ይህ ጉልበቴ የሚነቃ ከሆነ።"

ደሳለች ፈገግ አለች። ከእማማ ትርንጎ ጋር ከፈገግታ አልፋ አትሄድም። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አሮጊቷም ቆጥረውባት አያውቁም።

"ነገ እመጣለሁ፣ እንደ ልማዴ" አሉ እማማ ትርንጎ። "ሰላምታውን ሰምቼ እወጣልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ያንቺ ነው። በርሽን ዘግተሽ ስሚው።"

ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሬዲዮ ጣቢያው ሳምንቱን ሙሉ ሲያስተዋውቅ ሰንብቷል፤ ቅዳሜና እሑድ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበ ሙዚቃ፣ ሥነ ጽሑፍና ድራማ በልዩ ዝግጅት ይቀርባል። እሑድ በዐሥር ሰዓት ደግሞ ከደብረ ታቦር የኪነት ቡድን የተቀዳ ድራማ አለ። ደሳለች ይህን የሰማችው ሐሙስ ማታ የተማሪዎቿን ፈተና ስታርም ነው። ቀዩን እስክሪብቶ ከወረቀቱ ላይ አንስታ ብዙ ቆየች። ድራማውን የጻፈው፣ የሽማግሌውንም ቦታ የተጫወተው ባሏ ደሞዜ ነበር። ከቡድኑ ጋር አዲስ አበባ ሄዶ፣ አስቀድቶ ሲመለስ መኪናቸው ዓባይ በረሃ ላይ ተገለበጠች። ድራማውም ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

ከደሞዜ በቤቱ ውስጥ የቀረው ፎቶግራፉ፣ መጻሕፍቱና ጋቢው ነው። ድምፁ የለም። መጀመሪያ ላይ ከክፍል ስትወጣ ከኋላዋ የጠራት እየመሰላት ትዞር ነበር። አሁን አትዞርም። ሲስቅ ትከሻው እንዴት ይነቃነቅ እንደነበር ታስታውሳለች፤ ሳቁን ግን እየረሳችው ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለቅሶ ቢሆን ኖሮ የሚያስለቅስ ሰው አይጠፋም ነበር፤ መርሳት ግን ምን ተብሎ ይነገራል?

እማማ ትርንጎ "ሰላምታው" የሚሉት ሬዲዮ ጣቢያው እሑድ እሑድ የሚያስተላልፈውን፣ ወታደሮች ከግንባር ለቤተሰባቸው የሚልኩትን ሰላምታ ነው። ልጃቸው ሞላ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ሬዲዮ ስለሌላቸው ከደሳለች ቤት መጥተው ይሰማሉ። ባለፈው ፋሲካ ስሙ አንድ ጊዜ ተጠርቷል። ያን ቀን እማማ እልል ብለው ወጥተው፣ ያላለፉበት በር አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንድም እሑድ አልቀሩም።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የዕድሩ ዳኛ ጋሼ እሸቴ መጡ። ከበሩ ላይ ቆመው ወደ እማማ ትርንጎ ግቢ አዩ፤ ከዚያ ገብተው መዝጊያውን መለስ አደረጉት።

"ተቀመጡ ጋሼ።"

"አልቀመጥም" አሉና ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። "የሞላ ነገር መጥቷል፣ ልጄ።"

ደሳለች ምን እንደመጣ አልጠየቀችም። ስለ ወታደር "ነገር መጣ" ከተባለ የሚጠየቅ የለውም።

"ቀበሌው ትናንት ለእኔ ነገረኝ። ልጇን ማሬን እንዲያመጣ ገሳይ ከተማ ድረስ ሰው ልከናል፤ ነገ ማታ ትገባለች። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ መርዶውን እናረዳለን። ሴት ልጇ ሳትኖር አይሆንም።"

"ደግ።"

"ሰፈሩ ሬዲዮውን ዘግቷል። ያንቺ ግን ..." ባርኔጣቸውን አገላበጡት። "ትርንጎ እሑድ እሑድ ካንቺ ዘንድ ናት። ያንቺም ከተዘጋባት ታውቃለች። አንቺ ክፈቺው። እንደ ወትሮው ይሁን።"

"እንደ ወትሮው" አለች ደሳለች። "እኔን እንዳደረጋችሁኝ ማለትዎ ነው?"

ጋሼ እሸቴ አቀረቀሩ።

የደሞዜ ሞት የተሰማው ዓርብ ቀን ነበር። ለእሷ የተነገራት ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነው። በመካከሉ ቅዳሜና እሑድ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮውን ዘግቶ ሲቀመጥ፣ እሷ ቀረጻው ተሳክቷል መባሉን ሰምታ ደስ ብሏት የራሷን እስከ መጨረሻው ከፍታው ነበር። በሩን ከፍታ፣ የባሏን ጋቢ አጥባ አስጥታ፣ ከዘፋኞቹ ጋር እየዘፈነች ዋለች። ዩኒቨርሲቲ የተማረች ሴት፣ ሠላሳ ዓመት የኖረችበትን አገር ዝምታ ማንበብ አቃታት። ያን እሑድ እማማ ትርንጎ የባቄላ አሹቅ ይዘው መጥተው አብረዋት ተቀምጠዋል፤ ቀልደዋል፤ አስቀዋታል። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆመው ስታያቸው ነው ሁሉም የገባት። ያመማት ሞቱ ብቻ አይደለም፤ ሞቶ ሳለ መዝፈኗ ነው።

"ወጋችን ነው፣ ልጄ" አሉ ጋሼ እሸቴ። "ሰውን ብቻውን አናረዳም።"

"እምቢ ካልሁ?"

"እምቢ ካልሽማ ካጥር ማዶ ናት። ሂጂና ንገሪያት።"

ሽማግሌው ከወጡ በኋላ ደሳለች እስከ አጥሩ ሄደች። እማማ ትርንጎ በረታቸው ደጅ ላሚቱን እየሰደቡ ያልባሉ። "አንቺ ሞላ ቢኖር እንዲህ ትጫወቺብኝ ነበር?" ይሏታል። ደሳለች ከመስኮቱ ደፍ ላይ ባትሪ ድንጋዮቹን ለቅማ ገባች።

በማግስቱ እማማ ትርንጎ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መጡ። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። በእጃቸው አሹቅ በሳህን ይዘዋል።

"ከታች ሰፈር እስከዚህ አንድ ዘፈን አልሰማሁም" አሉ ሲቀመጡ። "ያ እንኳ፣ ያ ሬዲዮውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል የሚያስጮኸው ጎረቤታችን ዝም ብሏል።"

"ባትሪ ጠፍቶ ነው" አለች ደሳለች፣ ፊቷን ወደ ሬዲዮው አዙራ።

"አዎ። ባትሪ ጠፍቶ ነው።"

ሬዲዮው ተከፈተ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ፀሐዩ ብዙም አልረዳውም። ስም ይጠራል፣ ከየት ወደየት እንደሆነ ይነገራል፣ "እኔ ደኅና ነኝ፣ አታስቡ" ይባላል፤ ከዚያ ሌላ ስም። እማማ ትርንጎ ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው አስጠግተው እያንዳንዱን ስም በከንፈራቸው ይደግሙታል። ደሳለች ጣቶቿን አቆላልፋ የምድጃውን ድንጋይ ታያለች። አንድ "ሞላ" ተጠራ። የእማማ እጅ ከጉልበታቸው ተነሣ። የአባቱ ስም ሌላ ነበር፤ ሰላምታውም ለወሎ ነው። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሌላ ጊዜ ዝግጅቱ ሲያልቅ "እንግዲህ የሚመጣው እሑድ ይሁና" ብለው ይነሡ ነበር። ዛሬ አላሉም፤ አልተነሡም።

"ዝጊው" አሉ። "ድንጋዩ ለባልሽ ይትረፍ።"

ዘጋችው።

"ደሳለች" አሉ። ከመምህርት በቀር በሌላ ጠርተዋት አያውቁም። "ያን ጊዜ አሹቅ ይዤ ስመጣ እሸቴ ነበር የላከኝ።"

"አውቃለሁ።"

"አውቀሽ ነዋ ከዚያ ወዲህ አሹቄን የማትቀምሽው። እኔ ደግሞ ጨው አብዝቼ እንደሆን እያልሁ ስቀንስ፣ ስቀንስ፤ ይኸው ያለ ጨው ልበላው ነው።"

ደሳለች ልትስቅ ነበር። ከሳቁ በፊት ሌላው መጣባት። "ለምን አልነገሩኝም፣ እማማ?"

"ትዘፍኚ ነበራ! ያውም ድምፅ ሳይኖርሽ። እንዴት ብየ ልቀማሽ?"

"ሰው ሁሉ ይሰማኝ ነበር።"

"ሰምቶሻል። ማን ሳቀብሽ? በየቤታችን ሆነን ስናለቅስልሽ ነበር። እኔ ካንቺ ዘንድ ስስቅ ውየ፣ ቤቴ ስገባ ላሚቱ ላይ ተደግፌ አለቀስሁ። ያ ሳቅሽ ነበር የመጨረሻው፤ ከዚያ በኋላ ሰምቼው አላውቅም። ያንን እሑድ ደግሞ ልቀማሽ?"

ሁለት ዓመት ሙሉ ደሳለች እንደ ስድብ የያዘችውን ቀን፣ ሌላ ሰው እንደ ስጦታ ሲያኖርላት ከርሟል።

"ዛሬ ደግሞ አንቺን ላኩሽ" አሉ እማማ ትርንጎ።

"እማማ ..."

"አትናገሪ። ማሬ ዛሬ ማታ ትመጣለች ሲሉ ሰማሁ። ገበያ የለ፣ ተዝካር የለ፣ ምን ያመጣታል? እኔ ራሴ ተልኬ በሠራሁት ሥራ፣ ባትሪ ጠፋ ብለሽ ታታልይኛለሽ?"

"ካወቁ ለምን መጡ ታዲያ?"

አሮጊቷ ከሳህኑ አንድ ባቄላ አንሥተው በጣታቸው መካከል አሹት። ልጣጩ ወለቀ። አልበሉትም።

"ተሳስተው እንደሆን ብየ። ከመንግሥት ወሬ የማይሳሳት አለ? ስሙ ቢጠራ ... ደኅና ነኝ ቢል ብየ።"

ከውጭ ምንም አይሰማም። ላሚቱ አንዴ እምቧ አለችና ተወች። ደሳለች ተነሥታ አጠገባቸው ልትቀመጥ ስትል እማማ ትርንጎ በእጃቸው ገቷት።

"ዐሥር ሰዓት አልደረሰም?"

"ደርሷል።"

"ክፈቺው።"

"አልከፍትም።"

"ክፈቺው እንጂ! ሁለት ዓመት የጠበቅሽውን! እኔ እስከ ነገ ጎሕ ድረስ አልተረዳሁም። ባልተረዳ ሰው ፊት ሬዲዮ ይከፈታል፤ ወጉ ይኸው ነው። እሸቴን ጠይቂው።"

ደሳለች ከፈተችው። አስተዋዋቂዋ የድራማውን ስም ተናገረች። የተዋንያኑን ስም ስታነብ ደሞዜ መጀመሪያ መጣ፤ ሟች መሆኑን አላነሣችም፤ የነገራትም ሰው የለ ይሆናል። ዋሽንት ተነፋ። ከዚያ እግር በጭቃ ላይ ሲራመድ ተሰማ፤ ሰውየው አሳለ። ደሳለች ሳሉን አወቀችው። ማታ ማታ እዚሁ ክፍል ውስጥ ሲለማመደው "ጎረቤት መድኃኒት ይዞ ሳይመጣ ተው" ትለው ነበር።

"ቤቶች!" አለ ደሞዜ። "ቤቶች! ሰው የለም እንዴ?"

ሽማግሌ ለማስመሰል ያጎረነነው ድምፅ ነው፤ ግን "እንዴ" ሲል ከሥሩ የራሱ ብቅ አለ፤ ትንሽ የሚስቅ፣ ትንሽ የሚቸኩል። እሱ ነው። አልረሳችውም ነበር።

"አለን፣ ግባ" አሉ እማማ ትርንጎ፣ አፋቸው ቀድሟቸው።

ደሳለች ዘወር ብላ አየቻቸው። አሮጊቷ የሚያዩት ሬዲዮውን አልነበረም። በሩን ነበር። ነገ ጎሕ ሲቀድ ሰዎች በራቸው ላይ ቆመው "ቤቶች!" ይላሉ፤ እሳቸውም እንዲህ ብለው ያስገቧቸዋል። ሳህኑ ዘንበል ብሎ አሹቁ ቀሚሳቸው ላይ ይንከባለላል፤ እሳቸው አላወቁትም።

"ማነው እሱ?" አለች በሬዲዮው ውስጥ አንዲት ሴት። ደሞዜ ለመመለስ ትንፋሽ ሲስብ ተሰማ።

ደሳለች እጇን ዘርግታ ሬዲዮውን ዘጋችው።

"ምነው?" አሉ እማማ ትርንጎ። "ገና መጀመሩ እኮ ነው።"

ደሳለች ተነሣች። ከግድግዳው ሚስማር ላይ ነጠላዋን አወረደች፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ዘቅዝቃ ለበሰችና፣ ከመሬቱ ላይ ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጠች።