ዳልጮ በዜማ የተረጎመው ፊልም

«ልጁ እኮ አይደለችም» አለች በለቅሶ ቤቱ ጓሮ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ከሚልጡት ሴቶች አንዷ።

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

ሩት ሰምታለች። ሻይ ይዛ ከጓሮ ወደ ድንኳኑ ስታልፍ ነበር። ያልሰማች መስላ አለፈች።

ነገሩ ለእሷ አዲስ አልነበረም። እናቷ አባይነሽ ሶዶ መናኸሪያ በር ላይ ሙዝ ትቸረችር ነበር። ታማ ስትሞት ሩት ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ዳልጮ በአንድ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር ጎረቤታቸው እንጂ ዘመድ አልነበረም። ይህን ራሱ ነግሯታል። እሱ በሕይወት ሳለ ግን ፊቷ ላይ ደፍሮ ያነሳው ሰው የለም። ጉበቱን ታሞ ከተቀበረ ወዲህ ነው ሹክሹክታው የመጣው።

የሹክሹክታው ምንጭ ከሁምቦ ለቀብር የመጡት የዳልጮ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ጩማ ናቸው። ዳልጮ ያኔ እጮኛ ነበረችው። የእጮኛው ቤተሰቦች «ወይ እሷን ወይ ሕፃኗን» ቢሉት ሕፃኗን አቅፎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሚስት አላገባም። ጋሽ ጩማ ይህን ለሩት ይቅር ብለውላት አያውቁም። ሩትም በለቅሶው ሰሞን ዘመዶቹ ከሚቀመጡበት ፍራሽ ርቃ፣ እንደ ጎረቤት ስታስተናግድ ሰነበተች።

ዳልጮ በከድር ቪዲዮ ቤት ፊልም ይተረጉም ነበር። ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና የተዋንያኑን ንግግር በወላይትኛ ይናገራል፤ ያልገባውን ከራሱ ይሞላዋል። በዚህ ሥራው ምክንያት ከቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር ቡድን ቢያስወጡትም አልተወውም፤ እሷን የሚያስተምረው በዚያ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን ራሱ ይሠራላታል። ሁለቱ ጉንጉኖች እኩል ሆነው አያውቁም። ትምህርት ቤት ሲስቁባት ግን አንድ ቀንም አልነገረችውም።

ድንኳኑ ሊነሳ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፓስተሩ ጸልዮ ከቤተሰብ አንድ ሰው እንዲናገር ጠየቀ። ጋሽ ጩማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አማርኛ አይሆንላቸውም፤ ከገበያ የመጡት ነጋዴዎች ደግሞ ወላይትኛ አይሰሙም።

«ሩት ትተርጉም» አለ ፓስተሩ። እሁድ እሁድ የምትተረጉምለት እሷ ናት።

ሩት መጥታ ከሽማግሌው አጠገብ ቆመች።

«ወንድሜ ደግ ሰው ነበር» አሉ። ተረጎመች።

«ከእናቴ ልጆች የመጨረሻው እሱ ነው። እኔ ልቀድመው ይገባ ነበር።» ተረጎመች።

ጋሽ ጩማ አንገታቸውን ደፉና ቀጣዩን ለመሬቱ ተናገሩት። ወላይትኛ የሚያውቁት ሁሉ ቀና ብለው አዩዋት።

«ወንድሜ ዘር ሳይተካ ሄደ» አለች ሩት። «ስሙን የሚጠራ ልጅ የለውም።»

አንድ ቃል አላጎደለችም።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ከድር ከኋላ አግዳሚ ተነሳ። «ይቅርታ አባቶች። እኔ ለቅሶ ላይ መናገር አላውቅበትም። ግን ይቺን ሳልናገር ብሄድ አላህም አይወደው። ሩትዬ፣ ወላይትኛ ብሰማም አልናገረውም፤ ለጋሽ ጩማ ንገሪልኝ።»

«በሁለት ሺህ አምስት አንድ ፊልም አመጣሁ። የጥንት ፈረንሳይ ታሪክ ነው፤ ከትልቅ መጽሐፍ የተወሰደ ነው አሉኝ። ለካ ሰዎቹ ማውራት የለ፣ ሁሉ ነገር በዘፈን! ልጆቹ ‹ካራቴ ቀይርልን› ብለው ጮሁብኝ። ዳልጮ ማይኩን አነሳና እሱም በዜማ መተርጎም ጀመረ፤ በወላይትኛ፣ በመዝሙር ዜማ። ቤቱ ጸጥ አለ።»

ሩት ተረጎመች። አንዳንድ ሰዎች እንባቸውን ይዘው ፈገግ አሉ።

«ፊልሙ ላይ አንዲት እናት ትሞታለች። ትንሽ ልጅ አለቻት። ከእስር የወጣ ሰውዬ፣ ዘመዷ ያልሆነ፣ አልጋዋ አጠገብ ሆኖ ‹ልጅሽን እኔ አሳድጋለሁ› ይላታል። ዳልጮ እዚያ ሲደርስ የፊልሟን ልጅ ስም ተወው። ‹አትስጊ፣ ሩት የኔ ናት› ብሎ ዘፈነ። ልጆቹ ተሳሳተ ብለው ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። በኋላ ስጠይቀው ‹አልተሳሳትኩም፤ አባይነሽን ስትሞት ያልኳት እንደዚያው ነው› አለኝ።»

ሩት ይህን አታውቅም። ያን ቀን ለፈተና እያጠናች ቤት ነበረች። ድምፁ ተዘግቶ መግባቱን ግን ታስታውሳለች። ምን ሆነህ ነው ስትለው «ዘፋኞቹ ናቸው የጨረሱኝ» ብሎ ስቆ፣ ሳይበላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር።

ሁሉም እሷን ይጠብቃል። ጀመረች። የሴትየዋን ሕመም ተናገረች፤ የሰውየውን ቃል ተናገረች። የራሷ ስም ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። እንደምንም ጨረሰችው።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ጩማ። «ወንድሜ ምን አለ? ድገሚልኝ።»

«ሩት የኔ ናት አለ» አለች በወላይትኛ፣ እያለቀሰች። «ሩት የኔ ናት።»

ሽማግሌው ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አሉና በጎናቸው የተለቀቀውን ቦታ በሻካራ መዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

ሩት ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች።