ጠብታ የሚቆጥሩት ዶክተር

ፋዲላ እንደዚያ ቀን ልቧ መትቶ አያውቅም። እኚያ ሞገደኛ አስተማሪዋ፣ ዶክተር ዱጋሳ፣ የካ ሚካኤል ድረስ መጥተው ከወንድሟ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል!

ሰውዬው ሕግ አላቸው። ቀዶ ሕክምና የሚማር ሁሉ መጀመሪያ የበግ አንጀት ቆርጦ መልሶ ይሰፋል፤ ከዚያ ውኃ ይሞላበታል። ካፈሰሰ በሽተኛ ዘንድ ድርሽ አይልም። «እኔ ወር አልቆጥርም፤ ጠብታ ነው የምቆጥረው» ይላሉ። ጓደኞቿ ሁሉ አልፈው ቀዶ ጥገና ክፍል ሲገቡ ፋዲላ ብቻ ቀረች። ስንቱን አንጀት አበላሸች መሰላችሁ!

ጊዜው ሁዳዴ ነውና የክርስቲያኑ ሉካንዳ ተዘግቷል። ደግነቱ ወንድሟ ሸሪፍ የሙስሊም ሥጋ ቤት አለው፤ አንጀቱ ትኩስ እንዲሆን ፈተናው እዚያው ጓሮ ሆነ። ከቀበሌ ስብሰባ የተለቀቀ ጎረቤት አጥሩን ሞላው። ያን ሁሉ መፈክር ሲሰማ ውሎ እንዲህ ያለ ትርኢት ካገኘ ማን ቤቱ ይገባል?

ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጣቷን ቢያደነዝዘውም ሰፋች። ሸሪፍ አንዱን ጫፍ አስሮ ውኃ አንቆረቆረበት። አንጀቱ ተነፋ። ዶክተሩ አገላብጠው አዩት፤ ጫን አደረጉት። ጠብ የሚል የለም።

«አልፈሻል፤ ሰኞ ትገቢያለሽ» አሉ።

እናቷ ወይዘሮ መብሩካ እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤቱ አጨበጨበ። የፋዲላ ጣት ግን ገና ከስፌቱ ሥር ነበር፤ እርጥበት ነካት። ደግማ ዳሰሰች። ወይኔ ጉዴ! ዝም ብትል ከአላህ በቀር ማን ያውቅባታል? ግን ሆዱ ውስጥ እንዲህ እያፈሰሰበት የሚያድር በሽተኛ ታያት።

«ዶክተር፣ ከሥር ወዝቷል። ይዳስሱት።»

ዳሰሱት። «እውነትሽን ነው። አላለፍሽም።»

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል እንዴ!» ጮኹ እናቷ። «አልፈሻል እያሉሽ?»

ፋዲላ ግን የት ጋ እንደሳተች አሁን ገብቷታል፤ እጇን በላት። «ሸሪፍ፣ ሌላ አንጀት! ቶሎ በል!»

ዶክተር ዱጋሳ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ታጥበው ከፊቷ ተቀመጡ። ተማሪ ሲሰፋ አግዘው የማያውቁት ሰውዬ ክሩን አነሱ።

«ረዳትሽ ነኝ። የት ልያዝልሽ?»

«እዚህ ጋ። ጠበቅ ያድርጉት» ብላ አዘዘቻቸው።

ሰፋች፤ ውኃው ተሞላ። ዶክተሩ ግን ጎንበስ ብለው አላዩም።

«አንቺ ዳስሺውና ንገሪን።»

ፋዲላ ዙሪያውን ቀስ ብላ ዳሰሰች፤ እንደገናም ዳሰሰች።

«ደረቅ ነው!»

«እንግዲያው ሰኞ ጠዋት እጅሽን ታጥበሽ ጠብቂኝ» አሉና ኮታቸውን አነሱ።