ቃሪያ የጠጣ አንጀት

ኦፖኩ የለቅሶ ፖስተር አታሚ ነው። በጋናዋ ኩማሲ ከተማ ሰው ሳይሞት የሚያልፍ ቀን ስለሌለ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ፎቶ፣ ዕድሜ፣ የልጆች ስም፤ ከሥሩ ሁሌም ያችው ዓረፍተ ነገር፦ «ከአጭር ሕመም በኋላ»። የታላቅ ወንድሙንም ፖስተር እንዲሁ ብሎ ያተመው ራሱ ነው። የወንድሙ ሕመም ግን አጭር አልነበረም። የአንጀት ካንሰር ውስጥ ውስጡን ሲበላው ቤተሰቡ «ኪንታሮት ነው፣ ያልፋል» እያለ ከረመ።

ስለዚህ ኦፖኩ አንድ ማለዳ ሽንት ቤት ደም ሲያይ፣ እዚያው ቁጢጥ እንዳለ የራሱን ፖስተር በሐሳቡ አተመው። ፎቶው እንኳ አላማረለትም።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልሆነለትም። ሆስፒታል ሄዶ የወንድሙንም ነገር ተናገረ። ካሜራ ያለው ቱቦ ከታች ገብቶ አንጀቱን እንደሚያይ፣ ለዚያም አንጀቱ ባዶ መሆን እንዳለበት ተነገረው፤ በውኃ በጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት ተሰጠው።

«በዱቄት?» አሉ የእናቱ ታላቅ እህት፣ አክስቱ ሴዋ። «ዱቄት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አንጀት የሚያጥበው? ና፣ ዙር ወዲህ!»

በእጃቸው ቤንቶዋ የሚሉትን የአንጀት ማጠቢያ ይዘዋል፤ ሹል አፍ ያለው፣ እንደ ኳስ የሚጨመቅ ላስቲክ። ውስጡ የተፈጨ ዝንጅብልና ቃሪያ ነው። በሰፈሩ ትኩሳትም ቢሆን፣ ስንፍናም ቢሆን፣ ፈተና መውደቅም ቢሆን መድኃኒቱ በዚያው በር ነው የሚገባው።

«አክስቴ፣ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ!»

«ቂጥህ ግን ያው ነው። ያሳደግሁት እኔ አይደለሁ?»

ዞረ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚዞረው።

በማግስቱ፣ ዱቄቱንም ጠጥቶ አድሮ፣ በጎኑ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ፣ የዶክተር አፍሪዬን ፊት በስርቆት ያያል። ቱቦው ገና ከመግባቱ ዶክተሯ ዝም አለች።

«ዶክተር፣ በፈጠረዎት፣ ዝም አይበሉኝ!»

«እሳት የነካው ይመስላል» አለች።

«ካንሰር ነው?»

«ይቆዩ እስቲ። ትናንት ከታች ያስገቡት ነገር አለ?»

ነርሷ ጣራውን ማየት ጀመረች።

«ዝንጅብል» አለ ኦፖኩ።

«ብቻ?»

«ቃሪያም… ትንሽ። በየሳምንቱ።»

«ታዲያ አይድማ?»

ኦፖኩ ሳቁ አመለጠው። «አይሳቁ፣ ካሜራው ይነቃነቅብኛል» አለችና ቱቦውን ወደ ላይ ገፋችው። ቀዩ አለቀ፤ ጤነኛ፣ ያማረ ሥጋ መጣ። ከዚያ ቱቦውን አቁማ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

ኦፖኩ ለብሶ ሲጨርስ አክስቱም ሳይጠሩ ገብተው ወንበር ይዘው ጠበቁት።

«ደሙ የቃሪያው ነው» አለች ዶክተሯ። «ግን ከላይ እንጉዳይ የምትመስል እባጭ አግኝቻለሁ። አታምም፣ አትደማም። እንዲህ ያለችው ናት ዓመታት ቆይታ ወንድምዎን ወደ ገደለው ካንሰር የምትለወጠው። ከነሥሯ ቆርጫታለሁ። ለዓይኔ ደኅና ትመስላለች፤ ላቦራቶሪው ያረጋግጥልን።»

«አየህ!» አሉ አክስቱ ብድግ ብለው። «ቃሪያዬ ባያደማህ እዚህ ትመጣ ነበር? ያዳነህ ቃሪያዬ ነው!» ለሰፈሩ ሊያውጁ ስልካቸውን አውጥተዋል።

«ወንድምም ስለሞተብዎ፣ ዘመድ ሁሉ ቢታይ ጥሩ ነው» አለች ዶክተሯ።

«አክስትም?» አለ ኦፖኩ በተንኮል፣ ስድቡን እየጠበቀ።

ስድቡ አልመጣም። አክስቱ መልሰው ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉ ለዶክተሯ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ቃሪያውን ያቆመ ሰው ደሙ በስንት ጊዜ ይቆምለታል?»

«ቢበዛ ሁለት ሦስት ሳምንት።»

«እኔ ለራሴ ደም ሳይ ጊዜ ቃሪያውን ትቼዋለሁ። ከፋሲካ ወዲህ።»

ነሐሴ ተጋምሶ ነበር።

ዶክተሯ ቀጠሮ ፈልጋ «ሐሙስ» አለች።

«ነገ አይሆንም?» አለ ኦፖኩ፣ አክስቱ አፋቸውን ሳይከፍቱ።